«አልወድም» ያለችው ልጅ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ላይ ጌታችን የሁለት ልጆችን ነገር ይነግረናል። አባታቸው ወደ ወይኑ ቦታ ሄደው እንዲሠሩ ጠየቃቸው። አንዱ «አልወድም» አለና ኋላ ተጸጽቶ ሄደ፤ ሌላው እሺ ብሎ ሳይሄድ ቀረ። ዛሬ ይህን ቃል በእናትና በሴት ልጅ መካከል አድርገን እንድናየው እወዳለሁ። አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከአርበኞቻችን ጋር ያረፈች አንዲት «አልወድም» ያለች እንግሊዛዊት ልጅ አለችና። ስሟ ሲልቪያ ፓንክረስት ነው።

እናቷ ወይዘሮ ኤሜሊን ፓንክረስት፣ ባላቸው ሞተው ልጆች የሚያሳድጉ ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ማንችስተር በሚገኘው ቤታቸው ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገል ማኅበር አቋቋሙ። ደጋግመው ታሰሩ፤ እስር ቤት ውስጥ እህል አልቀምስም አሉ፤ ዝናቸው ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ደረሰ። ሴቶች ልጆቻቸውንም ይዘው ነበር የወጡት። ሥዕል የተማረችው ሲልቪያ ለማኅበሩ ትሥላለች፣ አደባባይ ትሰብካለች፣ እንደ እናቷ ትታሰራለች።

የሲልቪያ ልብ ግን ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ወደ ፋብሪካ ሠራተኞቹና ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች አዘነበለ። ታላቅ እህቷ ክሪስታቤልና እናቷ በበኩላቸው ከሠራተኛው ፓርቲ ርቀው ወደ ባለጸጎቹ ወይዛዝርት ተጠግተው ነበር። በ1914 መግቢያ ላይ፣ በረሃብ አድማ የደከመችው ሲልቪያ፣ ክሪስታቤል እንዳትታሰር ሸሽታ ወደምትኖርበት ወደ ፓሪስ ተጠራች። እዚያም ከማኅበሩ እንድትለይ ተነገራት። እሷ ራሷ እንደጻፈችው፣ ተናጋሪዋ ክሪስታቤል ነበረች። እናትየው ከጎን ተቀምጠዋል። በመሐል ግን አንጀታቸው አልቻለምና፣ «ጥቂት ድጎማ ብንሰጥሽስ?» የሚመስል ነገር ጀመሩ። ክሪስታቤል አላስጨረሰቻቸውም። ነገሩ አንዴ ይቆረጥ አለች፤ ተቆረጠም።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚያስጨንቀኝ እናት ጀምረው ያልጨረሱት ያ ቃል ነው። ብዙ ቤት ውስጥ እናትና ልጅን ሆድና ጀርባ የሚያደርጋቸው የራሳቸው ክፋት አይደለም። እናት ልትታረቅ አፏን ስትከፍት፣ «ተዪያት፣ ይለይላት!» የሚል አንድ ሰው አጠገቧ አለ። አንዳንዴ ታላቅ ልጅ ነው፣ አንዳንዴ አክስት፣ አንዳንዴም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ የነፍስ አባት ተብሎ የሚታመነው ሰው። እናቶች ሆይ፣ የጀመራችሁትን የምሕረት ቃል ማንም አያቋርጣችሁ። እናንተም በመሐል የቆማችሁ፣ ሽማግሌ መሆን ባትችሉ እንኳ ዝም በሉ።

ሲልቪያ ተባርራ ምን አደረገች? ቤት ውስጥ የተማረችውን ሥራ ይዛው ሄደች። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምሥራቅ ለንደን ሴቶችን ካላነጋገሩ እህልም ውኃም አልቀምስም ብላ፣ በሰው ተደግፋ የፓርላማው በር ላይ ሄዳ ተኛች። ሚኒስትሩ እሺ አሉ፤ ስድስት ሠራተኛ ሴቶች ገብተው ችግራቸውን ነገሯቸው። ማን አስተማራት? እናቷ! የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እናት መንግሥትን ደገፉ፣ ልጅ ተቃወመች። እሳቸውም በ1916 ከአሜሪካ በቴሌግራም የልጃቸውን ሥራ ኮነኑ፤ በስማቸው እንዳትጠቀም መከልከል አለመቻላቸውም እንደሚያሳዝናቸው ገለጡ። በፊታቸው «እሺ» ስትል የኖረችው ክሪስታቤል ግን ኋላ ፖለቲካውን ትታ አሜሪካ ውስጥ የክርስቶስን ዳግም ምጽአት ሰባኪ ሆነች። ቃሉን መስበክን አልነቅፍም፤ የእናቷን የወይን ቦታ ግን ትታዋለች።

ወደ እኛ የመጣችው ያቺው አመፀኛ ናት። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘበት በግንቦት 1936፣ ሲልቪያ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረች፤ ለ20 ዓመት ያህልም ሳትታክት አዘጋጀችው። የሚኒስትሮችን በር ማንኳኳት፣ ደብዳቤ ማዝነብ፣ ሰው ሰልችቶት ፊቱን ሲያዞር አለመሰልቸት፣ ይህ ሁሉ ከማንችስተሩ ቤት የወጣ ሙያ ነው። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰበች። በ1956 ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች፤ በ1960 እዚሁ አረፈች። እናቲቱ ለአገራቸው ሴቶች የጀመሩት ጩኸት በልጅቱ አፍ ለእኛ ሆነ።

ሲልቪያ እንከን አልነበረባትም ማለቴ አይደለም። በ1931 ስለ ትግሉ ባሳተመችው መጽሐፍ እናቷንና እህቷን ክፉኛ ወቅሳለች፤ የእናቷን የሕይወት ታሪክ ጽፋ ያወጣችው በ1935 ነው፣ እናት ካረፉ ከሰባት ዓመት በኋላ። ልጆች ሆይ፣ ለእናታችሁ የምትሉት ደግ ነገር ካለ ጆሮዋ እየሰማ በሉት።

የመጨረሻው ጠብ ደግሞ በሕፃን ነበር። በ1927 መጨረሻ፣ በ45 ዓመቷ፣ ሲልቪያ ሳታገባ ወንድ ልጅ ወለደች። እናት አፈሩ፤ ሊያዩዋትም አልፈቀዱም። ሰኔ 1928 ላይ፣ የእንግሊዝ ሴቶች ከወንዶች እኩል የሚመርጡበት ሕግ ሊጸድቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሳይታረቁ አረፉ። ያ ያሳፈራቸው ሕፃን አድጎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ከመሠረቱት ዋነኛው፣ የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ለዓመታት ከወተወቱት ግንባር ቀደሙ፣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ሆነ። ሐውልቱም በ2005 ከሮም ተመለሰ።