ልጅ በቤቱ የተማረውን በአደባባይ ይገልጠዋል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዕለት ዕለት የምንመላለስበት የመርካቶው ጎጃም በረንዳ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ስፍራ ነው። ያለ ሰላምታ፣ ያለ ክርክርና ያለ ይቅርታ አንድ ቀን እንኳ ሊዋልበት አይቻልም። በዚህ ሁሉ መካከል አሳቡን ሳይፈራ የሚያስረዳ፣ ሲቆጡት የማይሳደብ፣ ሲያጠፋም ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ስናይ፣ ይህን ጠባይ ከየት አገኘው? በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ ካየውና ከሰማው ነው። ጉልት የምትቸረችር እናት ዋጋ ቀንሺ እያለ የሚያስቸግራትን ገዢ በትዕግሥት ስትመልስ ልጅዋ ይማራል፤ ስትሳደብም ይማራል።

ይሁን እንጂ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልን ልጆችን የማናዳምጥ ብዙዎች ነን። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ይባረራል፤ ሲጠይቅ «ዝም በል!» ይባላል። አድጎ በሰው ፊት መናገር ሲያቅተው ደግሞ ዓይነ አፋር ነው ብለን እናማዋለን። ዝምታ ሁሉ ጨዋነት አይደለም፤ ከፍርሃት የሚመጣ ዝምታም አለ።

ይህን ስንል ልጅ ልቅ ይሁን ማለታችን አይደለም። ካህኑ ዔሊ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ሕዝቡን ሲበድሉ በቃል ወቀሳቸው እንጂ አልከለከላቸውም፤ በቤቱም ላይ ጥፋት መጣ። ያው ዔሊ ግን ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ሦስት ጊዜ ሲቀሰቅሰው አልተቆጣም። ነገሩን አስተውሎ ለሚጠራው ጌታ እንዴት እንደሚመልስ አስተማረው። ሲነጋም ሳሙኤል የሰማውን ለመናገር ፈርቶ ሳለ፣ እንዳይሸሽገው አደፋፈረው፤ በገዛ ቤቱ ላይ የተነገረውን ከባድ ቃል ከልጅ አፍ በትዕግሥት ሰማ።

የዘመናችን ጥናትም ከዚህ አይርቅም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዳያና ባውምሪንድ በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ፍቅርንና ጽኑ ሥርዓትን አስተባብረው፣ የልጃቸውንም አሳብ እየሰሙ የሚያሳድጉ ወላጆች ልጆች፣ ትእዛዝ ብቻ ከሚያበዙትም ሆነ ልቅ ከሚተዉት ወላጆች ልጆች ይልቅ ራሳቸውን የሚገዙና በራሳቸው የሚተማመኑ ሆነው አግኝታቸዋለች።

እንግዲህ «እኛ ገና ወላጆች አይደለንም፤ ይህ አይመለከተንም» አንበል። ሳሙኤልም የዔሊ ልጅ አልነበረም። ከገጠር መጥቶ በሰፈራችን ሊስትሮ የሚሠራው፣ ዕቃ የሚሸከመው ብላቴና አባትና እናቱ በሩቅ ናቸው፤ የጎደለውን አስተዳደግ የሚያገኘው ከመንገደኛው አፍ ነው። መንገደኛው ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ «አንተ!» ብለን ከመጥራት ስሙን እንጠይቀው፤ የድካሙን ዋጋ ሳናጓድል እንክፈለው፤ ቢያጠፋ በሰው ፊት ሳናዋርድ ለብቻው እንገሥጸው። በቤታችንም ታናናሾቻችን ሲናገሩ እስኪጨርሱ እንታገሣቸው። የሚሰማው ያገኘ ልጅ ሌላውን መስማት ይማራልና።

ሳሙኤልን በቤቱ ያሳደገ አምላክ የሰፈራችንን ልጆች በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።