አዲስ የሆነ ሁሉ የተሻለ ነውን?

የቤት ዕቃ ሲያረጅ በአዲስ መተካቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ ገብቶ አሮጌው ከወጣ በኋላ፣ ደስታ በሚጠበቅበት ቤት ቅሬታ ሲገባ እናያለን። ምግብ የምናሞቅበትን ማይክሮዌቭ ለምሳሌ እንውሰድ። ለዓመታት ያገለገለው መሣሪያ መልኩ ስለ ደበዘዘ ብቻ ይለወጣል፤ ብዙም ሳይቆይ «የቀድሞው ይሻል ነበር» የሚል ድምፅ ይሰማል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ስለ ሰው አመራረጥ የሚያስተምረን አለና ልንመረምረው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ለራዳር በሚያገለግል ማግኔትሮን አጠገብ ሳለ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ እንደ ቀለጠበት ይነገራል። ከዚህ በመነሣት በ1947 ለገበያ የቀረበው ምድጃ ቁመቱ የሰው ያህል፣ ክብደቱም ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ነበር። በ1967 ግን በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ለቤተሰብ ቀረበ። ይህ እውነተኛ መሻሻል ነው። ዋናው አሠራር ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም ማግኔትሮኑ የሚያመነጨው ሞገድ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውኃ ያሞቃል። ለገዢው ዓይን ጎልቶ የሚታየው ለውጥ በመሣሪያው ፊት ላይ ያለው ነው፤ ቁጥሩ፣ መብራቱና የቁልፎቹ ብዛት።

ፈላስፋው አሪስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው፣ አንድ ጫማ ሁለት ጥቅም እንዳለው ያስረዳል፤ አንዱ መጫማት፣ ሁለተኛው በሌላ ነገር መለወጥ ነው። እኛም በሱቅ ውስጥ ዕቃውን የምንመዝነው በገበያ ዓይን ነው፤ ቁልፎቹን እንቆጥራለን፣ ማብረቅረቁን እናደንቃለን። በቤት ውስጥ ግን የሚመዝነው የተጠቃሚው እጅ ነው። ቅሬታ የሚወለደውም በእነዚህ በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ነው።

ዓይናቸው የደከመ አንዲት አያት እናስብ። አሮጌው መሣሪያ የሚዞር መቆጣጠሪያ ነበረው፤ በጣታቸው ዳብሰው፣ አዙረው፣ ሲያቃጭል ምግባቸውን ያወጡ ነበር። የአዲሱ ፊት ግን ልሙጥ ነው፤ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ጣት አይለየውም። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ እንደገና ካልተሞላ የማይሠራም ዓይነት አለ። ስለዚህ ትናንት ራሳቸውን ይችሉ የነበሩት እናት፣ ዛሬ ወጣቸውን ለማሞቅ የልጅ ልጃቸውን ይጠብቃሉ። ቤተሰቡ ያሻሻለላቸው መስሎት፣ ሳያውቅ ነጻነታቸውን ወሰደባቸው።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ማስታወስን ከአስተዋይነት ክፍሎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። በእርግጥም ያለፈውን ያላስተዋለ ስለሚመጣው በትክክል ሊወስን አይችልም። ያለ እንከን የሚያገለግለን ነገር ስለማያስቸግረን አናየውም፤ ያላየነውንም ስንለውጠው ምን እንዳጣን የምናውቀው ከሄደ በኋላ ነው። እንግዲህ ምስጋና ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ያለንን ነገር የማወቂያ መንገድም ነው።

ይህን ስንል አሮጌ ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረት የስንፍና መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። የምናወድሳቸው አሮጌ ዕቃዎች ሳይሰበሩ የቀሩት ብቻ ናቸው፤ ቀድመው የተሰበሩትን ረስተናቸዋል። በሩ በሚገባ የማይገጥም ማይክሮዌቭም እስኪጠገን ድረስ ሊሠራበት አይገባም። ጥገናው ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላልና።

ሆኖም ያለ በቂ ምክንያት የምንጥለው ነገር ከደጃችን ቢወጣም ከምድር አይጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2022 በዓለም የተጣለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው ግን ሩቡን እንኳ አይሞላም።

ውድ አንባብያን፣ ከመግዛታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ አሮጌው ምን ይሠራልን ነበር? ሊጠገን አይችልምን? በአዲሱ የሚጠቀመውስ ማን ነው? አዲሱ አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነም መፍትሔ አይጠፋም፤ በሚፈለገው ቁልፍ ላይ በጣት የሚዳሰስ ትንሽ ምልክት መለጠፍ ይቻላል። የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ግን አስቀድመን አያታችንን እንጠይቃቸው።