የናቡቴ ርስትና የቦዔዝ ቃርሚያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተወልደን ያደግን ወጣቶች በተገናኘን ቁጥር የምናነሣው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «መንግሥት በሰው ኑሮ ውስጥ እጁን እስከ የት ድረስ ያስገባ?» የሚለው ነው። ከመካከላችን «መንግሥት ሌባ ከመያዝና ዳር ድንበር ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ አይኑረው፤ የቀረውን ሰው በገዛ ፈቃዱ ይሥራው» የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ በውጭው ዓለም የራሱ ሊቃውንት አሉት፤ ሊበርታርያን ይባላሉ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሙሬይ ሮትባርድ ግብርን ራሱን ከዝርፊያ ይቆጥረው ነበር። እንግዲህ ክርስቲያን የሆነ ወጣት ይህን አሳብ እንዳለ ሊቀበለው ይችላልን? ወይስ እንዳለ ሊጥለው ይገባዋል?

በመጀመሪያ በአሳቡ ውስጥ ያለውን እውነት ሳንሸሽግ እንናገር። መጽሐፍ ቅዱስ ሥልጣንን ያለ ገደብ አላመሰገነም። እስራኤል ንጉሥ በለመኑ ጊዜ ነቢዩ ሳሙኤል ንጉሡ ምን እንደሚያደርጋቸው አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ወንዶች ልጆቻቸውን ለሠረገላው፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ለወጥ ቤቱ እንደሚወስድ፣ ከእርሻቸውም የተሻለውን እንደሚመርጥ አስጠንቅቋቸዋል (1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8)። ይህ ትንቢት በንጉሥ አክዓብ ዘመን ምን እንደመሰለ በናቡቴ ታሪክ እናያለን (1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 21)። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ሲፈልግ በነጻ ስጠኝ አላለውም፤ የተሻለ ቦታ ወይም ገንዘብ እሰጥሃለሁ አለው። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ነውና እንቢ አለ። ኤልዛቤልም በሐሰት ምስክር አስገደለችው። እግዚአብሔር ኤልያስን የላከው ንጉሡን እንዲያመሰግን ሳይሆን እንዲወቅስ ነው። የአገራችን ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን ንጉሥም ይከሰሳል።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እያለ የኖረ ሕዝብ የናቡቴን እንቢታ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ወታደር ባላገሩን እየዘረፈ እንዳይኖር ደመወዝ ሊቆርጡለት አስበው ነበር፤ መልካም አሳብ ነበር። ነገር ግን መንግሥታቸው በጠበበ ጊዜ በጌምድርን የዘረፈው የገዛ ጦራቸው ሆነ። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ የጎተተው የሰው ክንድ ነው። በደርግ ዘመንም ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ በኩል የእህል ኮታ ይጣልበት ነበር፤ መንግሥት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋም ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ሰብሉ ያልሰመረለት ሰው ከገበያ በውድ ዋጋ ገዝቶ ኮታውን እስከ መሙላት ደርሷል። ይህ አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «መንግሥት ገደብ ይኑረው» የሚለው ወጣት ከአባቶቹ ቁስል ተነሥቶ ነውና ዝም በል ልንለው አይገባም።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ በናቡቴ ታሪክ አያበቃም። በዚያው መጽሐፍ የቦዔዝም እርሻ አለ። ሩት ባሏ የሞተባት፣ ከባዕድ አገር የመጣች ድኃ ሴት ነበረች። ከአጫጆች ኋላ እየተከተለች ስትቃርም ማንም ሌባ ብሎ አላባረራትም፤ ሕጉ ይፈቅድላት ነበርና። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ባለ እርሻ የእርሻውን ጥግ ጨርሶ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ቃርሚያ እንዳይለቅም ታዟል፤ ያ የድኃውና የመጻተኛው ድርሻ ነው። እንግዲህ አስተውሉ! የናቡቴ ታሪክ ለንጉሥ ገደብ ያበጃል፤ የሩት ታሪክ ደግሞ ለባለ ርስቱ ገደብ ያበጃል። ንጉሡ የናቡቴን ርስት መንካት አይችልም፤ ባለ እርሻውም የሩትን ቃርሚያ መንካት አይችልም። ሁለቱንም ድንበሮች ያሰመረው አንድ እግዚአብሔር ነው።

ሊበርታርያኖች የመጀመሪያውን ድንበር በደንብ አይተዋል፤ በሁለተኛው ላይ ግን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይለያያሉ። እነርሱ ምጽዋት በጎ ነገር ቢሆንም ባለ ሀብቱ ቢተወው ማንንም አልበደለም ይላሉ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ስለ ነዌና አልዓዛር ባስተማረው ትምህርት ካለን አለማካፈል ራሱ ድኃውን መቀማት መሆኑን አስረድቷል። ነዌ የአልዓዛርን ገንዘብ አልሰረቀም፤ አላስገደለውም፤ በደጁ ተኝቶ ሳለ አልፎት ሄደ እንጂ። ለፍርድ ያበቃው ይህ ነው።

ገበያው ብቻውን የተራበ እንደማያበላ ከጎረቤታችን ከወሎ ተምረናል። ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1965 ዓ.ም.ን የወሎ ረሃብ መርምሮ ሕዝቡ ያለቀው በአገሪቱ ውስጥ እህል ጨርሶ ጠፍቶ እንዳልሆነ አሳይቷል። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋበት መግዣ ገንዘብም አብሮ ጠፋበት። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባ እህል ይወጣ ነበር። ያ እህል የወጣው በወታደር ተነጥቆ ሳይሆን በገበያ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው መንግሥትም ረሃቡን ደበቀ። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሙታን በሁለቱም ላይ ይመሰክራሉ፤ በደበቀው መንግሥትም፣ ዋጋ ብቻ በሚያውቀው ገበያም።

«ታዲያ መንግሥት ባይኖርስ ምጽዋታችን አይበቃምን?» የሚል ይኖራል። የምጽዋትን ኃይል ከእኛ ይልቅ ማን ያውቃል? በጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ዝማሬና መዋስዕት የተማሩት ሊቃውንት የኖሩት በባላገሩ ቁራሽ ነው። የቆሎ ተማሪ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በእመቤታችን ስም እየለመነ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ከትውልድ ወደ ትውልድ አሻግሯል። ማንም ዘበኛ ባላገሩን አስገድዶ አላሰጠውም። ነገር ግን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በመጣው ክፉ ቀን የቀንድ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ምድሪቱ ሳትታረስ በቀረች ጊዜ ሰጪውና ለማኙ አብረው ተራቡ። ጎረቤት ሁሉ ባዶ እጁን ሲሆን እህል ከሩቅ መምጣት አለበት፤ ከሩቅ እንዲመጣም መንገድ ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው ከወረታ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ በአንድ ደብር ሰንበቴ የሚሠራ ሥራ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም እንዲሁ ነው። ጋይንትና ስማዳ በዚህ መርሐ ግብር ታቅፈው ጉልበት ያለው እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ፣ አረጋዊውና ሕመምተኛው ደግሞ በቀጥታ እየተረዳ ክፉውን ወራት እንዲያልፍ ተደርጓል። ለመንግሥት ገደብ አጥብቆ የተከራከረው ፍሪድሪክ ሃየክ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ሰው የዕለት ምግብ፣ ልብስና መጠለያ እንዳይጎድለው ማድረግ ከነጻነት ጋር እንደማይጋጭ ጽፏል።

ሆኖም እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዘመን አምስተኛውን እጅ አከማችቶ ሕዝብን ከሞት አድኗል። ነገር ግን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 47ን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ሕዝቡ እህል ለማግኘት በመጀመሪያ ገንዘቡን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በኋላም መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጠ። ጎተራው አዳነው፤ ጎተራው ባሪያ አደረገው። የሚያበላ እጅ ሊያስር የሚችል እጅ ነው። የእርዳታ መዝገብ የያዘ ሰው በወዳጅነትና በጠላትነት ስም ማስገባትና ማውጣት የጀመረ ዕለት ቃርሚያው የሩት መሆኑ ይቀርና የአክዓብ መደለያ ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቃየል የወንድሜ ጠባቂ ነኝን ብሎ ከእግዚአብሔር ሸሽቷል። ይህ የቃየል ንግግር ዛሬ በሁለት አፍ ይነገራል። አንዱ «መንግሥት አለለት» ብሎ ወንድሙን ያልፈዋል። ሁለተኛው «ግብር ያስከፈለኝ መንግሥት እጁን ይሰብስብ» ይላል፤ መንግሥት እጁን ሲሰበስብ ግን የራሱን እጅ አይዘረጋም። ሁለቱም አንድ ቃየል ናቸው። ስለዚህ ለራሳችን ይህን ሕግ እናውጣ፤ መንግሥት እንዲተው የምንጠይቀውን እያንዳንዱን ሸክም ከእኛ ማን እንደሚያነሣው በስም እንናገር። ስም ከጠፋ ጥያቄያችን የነጻነት ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የንፉግነት ምክንያት ሆኗል።

ይህን ሕግ ቤተ ክርስቲያናችን በራሷ ላይ አይታዋለች። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የነበራትን መሬት አጣች፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸው ተደነገገ። ከእንግዲህ መቅደሱን የሚያቆመው የቤተ መንግሥት ድርጎ ሳይሆን የምእመናን አሥራት ነው። ነጻነታችን ይህ ነው፤ ዕዳችንም ይህ ነው።

በየደብራችን የምንሠራው ሥራ ቅርብ ነው። ከመዝገብ የቀረች መበለት ብትኖር ሦስት አራት ሆነን ወደ ቀበሌው ሄደን በጨዋ ቃል እንጠይቅላት፤ መልሱ ቢዘገይ ማሳዋን በደቦ እንረስላት። ግብራችንን ሳንሸሽግ እንክፈል፤ የቄሣርን ለቄሣር መስጠት የታዘዝን ነንና። ሹሙ የማይገባውን ቢጠይቅ ደግሞ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ እንደሚገባ ሐዋርያት አስተምረውናል። ከተማ የገባነውም ብንሆን የአዝመራ ወራት ሲደርስ የእርሻችን ጥግ የቱ እንደሆነ እንጠይቅ። ደመወዝም እርሻ ነው፤ ንግድም እርሻ ነው፤ ጥግ አለው። ያ ጥግ የእኛ አይደለም።

እግዚአብሔር አምላክ ሹሞቻችንን ከአክዓብ ምኞት፣ እኛንም ከነዌ ዕንቅልፍ ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።