የጓዳው ማኅበርተኛ

በአንዲት የደጋ መንደር በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ የሚጠጡ ማኅበርተኞች ነበሩ። ጽዋው ከቤት ቤት ሲዞር ቆይቶ በኅዳር ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ተራ ደረሰ። ሴትዮዋ ጠላዋን ጠምቃ፣ ድፎዋን ደፍታ፣ ንፍሮዋን ቀቅላ፣ ቄጠማውን ጎዝጉዛ ስትጨርስ የሰባት ዓመት ልጇን አቅፋ ጓዳ አስገባችው።

ልጁ፣ እናቱን ምጥ ጠንቶባት ቆይቶ፣ ሳያለቅስ ነበር የተወለደው። አንገቱ አልጸናም፤ እግሮቹ ይጠላለፋሉ፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። ይሰማል፣ ሰው ይለያል፣ ይስቃል፤ መናገር ግን አይችልም። መንደሩ ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል። “የአባቱ ጦስ ነው” ያሉ አሉ፤ “ውኃ ስትቀዳ ለክፏት ነው” ያሉም አልጠፉ። ያቺን እናት ከልጇ ደዌ ይልቅ ያጎበጣት ይህ ሹክሹክታ ነው ብዬ አምናለሁ። ከማንም በላይ ጎረቤት የሚያስፈልጋት ሴት፣ ልጇን ከጎረቤት መደበቅ ያዘች።

ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ ጸሎት ደረሰ። ቄሱ ዳቦውን ሊቆርሱ ቢላዋ ሲያነሡ ከጓዳ ድምፅ ተሰማ። ልጁ ሰው ሲሰባሰብ ደስ ይለውና ይጮኻል።

“ድመት ናት፣ አባታችን” አለች እናቱ።

ቄሱ ቢላዋውን መልሰው አስቀመጡ። “ልጄ፣ ያንን ልጅ በአርባ ቀኑ ያጠመቅሁት እኔ ነኝ። ሜሮኑን በ36 ቦታ ቀባሁት፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ እጁን፣ እግሩን። ጡጫው አልፈታ ቢለኝ ጣቱን በቀስታ ከፍቼ ነው የቀባሁት። አንድም ቦታ አልዘለልሁም። ቤተ ክርስቲያን ሳትመርጥ የቀባችውን አካል ከማን ነው የምትሸሽጊው?” ቀና ብለው ወደ ተቀመጡት ዞሩ። “ለነገሩ ያሸሸጋት እኛ ነን።”

አንድ ሽማግሌ አላስቻላቸውም። “እንዴ አባታችን! ያለ ኃጢአትማ ሰው እንዲህ ሆኖ አይወለድም።”

“ደቀ መዛሙርቱም ይህንኑ ጠይቀዋል። ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አይተው፣ የበደለው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ናቸው ሲሉ፣ ጌታ እሱም እነሱም አይደሉም ብሎ መለሰላቸው። እርስዎ ከጌታ የተለየ መልስ አለዎት? የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴስ? አምስት ዓመቱ ሳለ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ነው እግሩ የሰለለው። ንጉሥ ዳዊት ከሎዶባር አስመጥቶ ከገዛ ማዕዱ አቀረበው እንጂ ምግቡን ጓዳ አላከለትም። ይህ ዳቦም ልጁ ሳይመጣ አይቆረስም።”

ልጁ ወጣ። እናቱ እንደ ለመደችው በክንዷ ላይ አንጋላ ብታጎርሰው ትን አለው፤ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳለ። ከማኅበርተኞቹ መካከል ከተማ በነርስነት ስታገለግል ኖራ በጡረታ የተመለሰች ሴት ነበረች። ተነሥታ ልጁን ቀጥ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ጀርባውን በደረቷ ደገፈች፤ ራሱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ይዛ አገጩን ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገችው። ዳቦውን በወተት አላቁጣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ሰጠችው። ጠበቀች። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አይታ ሁለተኛውን ሰጠችው። ቤቱ በሙሉ የእሱን መዋጥ ያይ ነበር። እናቱ ዝም ብላ ታለቅሳለች፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ያሳያት ሰው አልነበረም።

በዚያው ዕለት ማኅበሩ አንድ ነገር ወሰነ። ጽዋውን የተረከበ ቤት፣ ለቀጣዩ ተረኛ እስኪያስረክብ ድረስ በሳምንት አንድ ቀን ልጁን ይጠብቃል፤ እናቱ ገበያዋን ትሄዳለች። ሁሉም በደስታ ተቀበለው ብል እዋሻለሁ። እኒያ ሽማግሌ ወር ሁለት ወር ቀሩ። አንዷ ሴት እርጉዝ ምራቴ ታየዋለች ብላ ተራዋን ለሌላ ሰጠች። አናጢው ግን በሳምንቱ ወንበር ሠርቶ መጣ፤ ዳሌው ወደፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ መቀነት፣ ለራሱ መደገፊያ፣ ለእግሩ መርገጫ ያለው፣ ከፊቱም ጠረጴዛ የተበጀለት። ቄሱ ጠበሉን አላስቀሩባትም፤ ሐኪም ቤትም ይዛው እንድትሄድ መከሯት፤ ለመንገዱም አህያ ማኅበሩ አዋሳት። ለልጇ ጠበል ፍለጋ የተንከራተተችን እናት የሚነቅፍ አንደበት የለኝም። የሚያናድደኝ ሐኪም ቤት መሄድን እምነት እንደ ማጉደል የሚቆጥር ሰው ነው።

ታሪኩን የሚያወሩ አንዳንዶች ልጁ በዓመቱ ተነሥቶ ሄደ ይላሉ። አልሄደም። እኔም እንዲህ ያለ መጨረሻ አልጨምርበትም፤ የሚወደድ ልጅ የዳነ ብቻ ይመስላልና። ወንበሩ ላይ ሲውል አንገቱ እየጸና መጣ፤ አዎን ለማለት ዓይኑን ወደ ላይ ማንሣት ለመደ። ዳቦ ሲቆረስ የመጀመሪያው ድርሻ የእሱ ሆነ።

ሰኔ ላይ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ከማዶ ቀበሌ በምሽት አናጢው ቤት መጣ። “የዚያን ወንበር ልክ ንገረኝ። ለአንድ ዘመዴ ልጅ ነው” አለ።

“ወንበሩ በወሬ አይለካም” አለው አናጢው። “ወገቡን፣ ጭኑን፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ያለውን ራሴ መለካት አለብኝ። ልጁን ይዘኸው ና።”

“በቀን?”

“በቀን ነዋ። በ12 ከመጣህ ደግሞ ሁላችንንም ታገኘናለህ።”