ለተጠጋ ቤተሰብ የሚወጣ ሥርዓት



«ጥግ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ልዩ ልዩ ልጆች ወልዷል። ጥግ ከነፋስና ከዝናብ የሚከልል የቤት ማዕዘን ነውና፣ ከመከራ ሸሽቶ የመጣውን ሰው «ተጠጋ» እንለዋለን። ከዚያው ሥር የወጣው «ጥገኛ» የሚለው ቃል ግን አንድ ጊዜ የተጠለለውን፣ ሌላ ጊዜ በሰው ላብ የሚኖረውን ያመለክታል። አንድ ቤተሰብ ከመጀመሪያው ትርጉም ወደ ሁለተኛው የሚወርድበት መንገድ አጭር ነው። ይህንንም መንገድ ብዙ ጊዜ የሚያሳጥረው በመጠለያው በር ላይ የሚለጠፈው የመተዳደሪያ ደንብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ እንደሚከተለው ነው። ቤቱን ያጣ ቤተሰብ ለጊዜው በተሰጠው መጠለያ ሲኖር አስጠጊው ምን ሊያዝዘው ይገባል? ምንስ ሊያዝዘው አይገባም? ነገሩ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በእርግጥ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ውሉ ካልተስማማው ሌላ ቤት ይፈልጋል። መሄጃ የሌለው ሰው ግን «ይህ ደንብ አይስማማኝም» ለማለት አይችልም፤ የተሰጠውን ወረቀት ይፈርማል። ስለዚህ ፊርማው ብቻውን ደንቡን ትክክለኛ አያደርገውም። ደንቡ ትክክለኛ መሆን ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው።

ይህ ጥያቄ ለምሥራቁ የአገራችን ክፍል እንግዳ አይደለም። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች መጠለያ ፈላጊ ሆኑ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ምክንያት በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሲሰደዱ፣ ከሐረር አጠገብ በሃማሬሳ የተቋቋመው መጠለያ ብዙ ቤተሰቦችን ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በግጭት ምክንያት በአገራቸው ውስጥ አዲስ የተፈናቀሉት ኢትዮጵያውያን 2.9 ሚሊዮን ያህል እንደነበሩ ተመዝግቧል፤ ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጥ ቍጥር ነበር። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ የትምህርት ቤት ክፍል፣ የሰበካ አዳራሽና የመጋዘን ቤት በአንድ ሌሊት የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ይሆናሉ። በማግሥቱም አንድ ሰው፣ ምናልባትም የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ፣ ወረቀትና ብዕር ይዞ ደንብ ለመጻፍ ይቀመጣል።

በቅድሚያ ደንብ ማስፈለጉን እንቀበል። «በፍቅር ቤት ሕግ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። ነገር ግን ሥርዓት በሌለበት አዳራሽ ውኃውን አስቀድሞ የሚቀዳው ጕልበተኛው ነው፤ ደረቁን ማዕዘን የሚይዘውም እርሱ ነው፤ አራስ ሴትና ሽማግሌ በበሩ አጠገብ በነፋስ ይተኛሉ። አባቶቻችን ይህንን በሚገባ ያውቁ ነበር። በአገራችን ልማድ የተጠቃ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ ጕልበተኛው ባለበት ይቆም ዘንድ ግዴታ ነበረበት። ይህን ጩኸት የሚያሰማው የተጠቃው ደካማ ነው፤ ሕግም ከሁሉ አስቀድሞ የደካማው ንብረት መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የሐረር ከተማም ይህንኑ ታስተምረናለች። ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ በአምስቱ የጁገል በሮች ወደ አንዱ የሚወርድ ሰው፣ እነዚያ በሮች በጥንት ዘመን ሌሊት ይዘጉ እንደነበር ያስታውሳል። መዘጋታቸው በውስጥ ያሉት በሰላም እንዲተኙ ነበር። በሐረሪ ቤት ውስጥም ነደባ የሚባሉት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀመጥበት ስፍራ በሥርዓት ተለይቷል። እንግዳው ግን በዚህ ሥርዓት አይሸማቀቅም፤ እንዲያውም የት እንደሚቀመጥ ስለሚያውቅ ይረጋጋል። ሥርዓትና እንግዳ ተቀባይነት በአንድ ጣራ ሥር መኖር እንደሚችሉ ይህ ምስክር ነው።

እንግዲያው መለኪያው ምንድን ነው? በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖስ ሕግ በእውነት ሕግ ይባል ዘንድ አራት ነገሮችን እንዲያሟላ አስተምሯል። በአእምሮ የተመዘነ ይሁን፤ ለጋራ ጥቅም የወጣ ይሁን፤ የማኅበሩን አደራ የተሸከመ ያውጣው፤ ለሚገዙበትም ይታወጅ። ይህ ትምህርት ለመንግሥታት ብቻ ሳይሆን ለአንድ አዳራሽም ያገለግላል።

የመጀመሪያው አእምሮ ነው። ማንም ሰው በማይቻል ነገር አይገደድም። «ልጆች ሁልጊዜ ንጹሕ ይሁኑ» የሚል ደንብ መልካም ነው፤ ውኃ በሌለበት ግን ደንብነቱ ቀርቶ ዘለፋ ይሆናል። «ስፊር» በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው እትሙ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው የመኖሪያ ስፍራ፣ ለ20 ሰዎችም አንድ መጸዳጃ እንዲኖር ያሳስባል። አስጠጊው እነዚህን ለማቅረብ በሙሉ ባይችል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ራሱ ያላቀረበውን ከተጠጊው መጠየቅ አይገባውም።

ሁለተኛው የጋራ ጥቅም ነው። በሣርና በሸራ በተሠራ ድንኳን ውስጥ እሳት ማንደድ የሚከለክል ደንብ የሁሉንም ሕይወት ይጠብቃል። የሴቶች መጸዳጃ ከውስጥ እንዲቈለፍና መንገዱ በሌሊት ብርሃን እንዲኖረው የሚያዝዝ ደንብም እንዲሁ ነው። «ዘመድ መጥቶ እንዳይጠይቃችሁ» የሚለው ግን የማን ጥቅም ነው? «በቀን ከግቢ መውጣት ክልክል ነው» የሚለውስ? ከፈረስ መጋላ በሚወርደው በመኪና ግርግር ሰፊዎች ከመኪናቸው ጋር እንዴት እንደሚውሉ የምናውቅ ሰዎች፣ የእጅ ሙያ ያለውን አባት ቀኑን ሙሉ በአዳራሽ ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚጎዳው እንረዳለን። እንዲህ ያለው ደንብ የሚያገለግለው የዘበኛውን ምቾት ነው። ምቾት ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን የጋራ ጥቅም ተብሎ መጠራት የለበትም።

ሦስተኛው ሥልጣን ነው። አስጠጊው አደራ የተሰጠው ስለ መጠለያው ነው እንጂ ስለ ቤተሰቡ ውስጣዊ ኑሮ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ አነስተኛው ማኅበር በራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ነገር ትልቁ ማኅበር መንጠቅ እንደማይገባው አስተምረዋል። ቤተሰብ ከማኅበራት ሁሉ አነስተኛውና ቀዳሚው ነው። ልጅን መቼ ማጥባት፣ እንዴት መምከር፣ ምን ጸሎት ማስተማር እንደሚገባ የሚወስኑት እናትና አባት ናቸው፤ ጣራቸው የሰው ስለሆነ ወላጅነታቸው የሰው አይሆንም። በልጆቹ ፊት እንደ ተማሪ የሚገሠጽ አባት ከቤቱ ሌላ ሁለተኛ ነገር ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የወጡት የተባበሩት መንግሥታት መርሆዎችም አብረው ለመኖር የሚፈልጉ የቤተሰብ አባላት እንዳይለያዩ ያዝዛሉ። ስለዚህ «ወንዶች በአንድ አዳራሽ፣ ሴቶችና ልጆች በሌላ» የሚለው ቀላል መፍትሔ በመጋረጃ ወይም በሌላ ክፍፍል ሊታለፍ ከተቻለ መታለፍ አለበት።

ይሁን እንጂ የቤተሰብ ገመና ለበደል መሸሸጊያ አይሁን። ሚስቱን ወይም ልጁን የሚደበድብ ሰው «የቤቴ ጉዳይ ነው» ሊል አይችልም። እንዲህ ያለው ወንጀል በመጠለያው ውስጥ በሽማግሌ እርቅ ተሸፍኖ እንዲቀር ማድረግ ሰላምን መጠበቅ አይደለም፤ የተበዳዩዋን «በሕግ አምላክ» የሚል ጩኸት ማፈን ነው። ጉዳዩ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ይቅረብ።

አራተኛው ማወጅ ነው። በአማርኛ ብቻ ተጽፎ በበር ላይ የተለጠፈ ደንብ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሐረሪኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው፣ ማንበብ ለማይችልም ሰው አልታወጀም። ያልታወጀ ደንብ ተላለፍህ ብሎ መቅጣትም ግፍ ነው። በቃል፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ምክንያቱም ጭምር ይነገረው። ምክንያቱ ሊነገር የማያስደፍር ደንብ ቢገኝ፣ ምናልባት መጀመሪያም መውጣት አልነበረበትም።

ከዚህ በኋላ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይመጣል፤ ደንብ የጣሰውን ማስወጣት ይገባልን? አንድ አባት ሰክሮ እየገባ ሌሎችን ያውካል እንበል። ተመክሮ አልተመለሰም። አስጠጊው ስለ ሌሎቹ ቤተሰቦች ኃላፊነት ስላለበት ዝም ሊል አይችልም። ነገር ግን «ቤተሰቡ በሙሉ ይውጣ» ቢል፣ ያልጠጡት ልጆች በአባታቸው ጥፋት በሜዳ ያድራሉ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ያስተማረው ይህን ዓይነቱን ፍርድ ለማስቀረት ነበር። ስለዚህ ቅጣት ካስፈለገ ጥፋተኛውን ብቻ ይከተል፤ እርሱም ቢሆን ሌላ የሚያድርበት ስፍራ ሳይፈለግለት አይባረር። እህል፣ ውኃና መድኃኒት ግን በምንም ጥፋት ምክንያት የሚቀነሱ መሆን የለባቸውም፤ እነዚህ ለመልካም ጠባይ የሚሰጡ ሽልማቶች አይደሉምና።

በከተማችን ሌላም ነገር መታሰብ አለበት። በአንድ አዳራሽ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ አብረው ያድራሉ። «ወጥ ቤቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት አይከፈትም» የሚል ደንብ በማንም ላይ ክፋት ያሰበ አይመስልም፤ በረመዳን ግን ጎሕ ከመቅደዱ በፊት የሚበላውን ጿሚ ያለ ምግብ ያስቀረዋል። በዓቢይ ጾም ሥጋና ወተት ብቻ ማቅረብም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ ማንም ሰው በእምነት ጉዳይ መገደድ እንደሌለበት አስታውቋል። የተራበ ሰው ደግሞ በትንሽ ነገር ይገደዳል። ስለዚህ በሰበካ አዳራሽ የምናስጠጋው ሰው ወደ ጸሎታችን ቢመጣ በደስታ እንቀበለው፤ ባይመጣ ግን ድርሻው በአንዲት ቁና እንኳ እንዳይጎድል እንጠንቀቅ።

በመጨረሻም፣ ደንቡን ማን ይጻፈው? ቅዱስ ቤነዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዓመት ለገዳሙ በጻፈው ሥርዓት እንግዶች ሁሉ እንደ ክርስቶስ እንዲስተናገዱ አዝዟል። ይህ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙም የማይነሣው ግን በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 61 ስለ እንግዳ መነኵሴ የሰጠው ምክር ነው። እንግዳው በትሕትናና በአግባቡ አንድ ጉድለት ቢያመለክት፣ አበ ምኔቱ ምናልባት እግዚአብሔር ስለዚህ ነገር ልኮት እንደሆነ በጥንቃቄ እንዲያስብ ያሳስባል። የተጠጋ ሰው የሚቀበል ብቻ አይደለም፤ የሚናገረውም አለው። ውኃው በየትኛው ሰዓት እንደሚጨናነቅ፣ የትኛው ማዕዘን በሌሊት እንደሚያስፈራ ከአስጠጊው ይልቅ ውኃ የምትቀዳው ሴት ታውቃለች። ከላይ የጠቀስናቸው የ1998ቱ መርሆዎች ሴቶች በእርዳታ ዕቅድና እደላ ሙሉ ተሳትፎ እንዲኖራቸው ማሳሰባቸው በዚህ ምክንያት ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2009 በካምፓላ የተፈረመውን የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2020 አጽድቃለች፤ ስለዚህ ተፈናቃዩን መጠበቅና መርዳት የአስጠጊው ቸርነት ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታም ሆኗል።

ውድ ምዕመናን፣ በየሰበካችሁ እንዲህ ያለው ቀን ከመምጣቱ በፊት በጸጥታ ጊዜ ተሰብስባችሁ ብትመክሩ መልካም ነው። የምታወጡት ደንብ አጭር ይሁን። ስለ እያንዳንዱ መስመርም፣ ይህ ማንን ይጠብቃል? ሊፈጸም ይቻላልን? እኛስ በቤታችን ብንታዘዝበት እንቀበለዋለንን? ብላችሁ ጠይቁ። ጌታችን በሕፃንነቱ ከእናቱና ከቅዱስ ዮሴፍ ጋር ወደ ግብፅ በተሰደደ ጊዜ ማን እንዳስጠጋቸው ወንጌል አይነግረንም። አንድ ሰው ግን በሩን ከፍቶላቸው ይሆናል፤ በዚያም ቤት ዮሴፍ ለቤተሰቡ አባት ሆኖ እንደኖረ እናምናለን። ወደ አዳራሻችን የሚገባው አባትም በገባበት ክብር ይውጣ።