ወፎቹስ ይጠበቁ፤ ሰዎቹስ?

ሰው አባርሮ ወፍ መንከባከብ ጽድቅ ነው ወይስ ኃጢአት? ጥያቄው የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ የደረሰው በሕንድ ውቅያኖስ መካከል፣ ከኮራል በተሠሩት የቻጎስ ደሴቶች ላይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ወፎቹ። የባሕር ወፎች ራቅ ካለ ቦታ ዓሣ በልተው ይመለሱና ኩሳቸውን ደሴቱ ላይ ይጥላሉ። ዝናብ አጥቦ ወደ ባሕሩ ያወርደዋል፤ ኮራሉና ዓሣው በዚያ ይፋፋሉ። በመርከብ የገቡ አይጦች ግን እንቁላልና ጫጩት እየበሉ ብዙዎቹን ደሴቶች ወፍ አልባ አድርገዋቸዋል። በ2018 «ኔቸር» ላይ የወጣ ጥናት 12 ደሴቶችን አነጻጽሮ ነበር። አይጥ በሌለባቸው የወፎቹ ብዛት 760 እጥፍ፣ በዙሪያቸው ያለው የዓሣ ክብደት ደግሞ በ48 በመቶ በልጦ ተገኘ። እንግዲህ ለወፍ መቆርቆር የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በዚህ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ሌላ ነው። በደሴቶቹ ላይ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ለኮኮናት እርሻ በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ልጆች። እንግሊዝ ዲዬጎ ጋርሲያን ለአሜሪካ ጦር ሰፈር ለመስጠት ስትል ከ1968 እስከ 1973 አንድም ሳታስቀር ወደ ሞሪሸስና ሲሸልስ አጋዘቻቸው። ውሾቻቸው እንኳ በጭስ ታፍነው አለቁ። በ1966 አንድ ከፍተኛ የእንግሊዝ ባለሥልጣን፣ በደሴቶቹ ከባሕር ወፍ በቀር ነባር ነዋሪ እንደማይኖር በማስታወሻው ጽፎ ነበር። ይህ ቀልዱ ነው!

በ2010 ደግሞ እንግሊዝ ባሕሩን ጥብቅ ክልል ነው ብላ አወጀች። ጦር ሰፈሩ ግን ንቅንቅ አላለም። በዚያው ዓመት ሾልኮ የወጣ የአሜሪካ ኤምባሲ መልእክት እንደሚለው፣ አንድ የእንግሊዝ ባለሥልጣን ጥብቅ ክልሉ የተፈናቃዮቹን የመመለስ ጥያቄ እንደሚያከሽፍ ለአሜሪካኖቹ ነግሯቸዋል። «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ማለት ይኸው ነው። በ2015 ዓለም አቀፍ የግልግል ጉባኤ አዋጁ የባሕር ሕግን የጣሰ መሆኑን ወስኗል።

«ሰው ከተመለሰ ወፉ ያልቃል» የሚሉ አሉ። ስጋቱን አልንቀውም። ነገር ግን ደኑን አስመንጥሮ ኮኮናት ያስተከለው ባለ እርሻው እንጂ በግዳጅ የሠራው ባሪያ አይደለም። የአይጡን ዕዳ ለልጅ ልጆቹ ማስከፈል የአብዬን ወደ እምዬ ነው። ደግሞስ ጦር ሰፈር የተሸከመ ምድር ጥቂት ዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች እንዴት ይከብዱታል?

ወፏ ጥፋት የለባትም። በእሷ ስም በደልን መሸፈን ግን የጥበቃን ሥራ ራሱን ያረክሰዋል። ነገ እውነተኛ ተቆርቋሪ ሲመጣ ባላገሩ «ደግሞ ከየት ልታስነሳኝ ነው?» ቢለው ምን ይፈረድበታል?

በ2025 እንግሊዝና ሞሪሸስ የደሴቶቹን ሉዓላዊነት ወደ ሞሪሸስ የሚያዛውር ውል ተፈራርመዋል። ብዙ ቻጎሳውያን ግን «እኛን ማን ጠየቀን?» ብለዋል። እኔ ብጠየቅ፣ አይጥ የማጥፋቱንም ወፍ የመጠበቁንም ሥራ፣ ከነደመወዙና ከነመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለእነሱ እሰጥ ነበር።