የወጣትነት ጥፋት እስከ መቼ ይከተላል?

በትምህርት ቤቶቻችንና በቁምስናዎቻችን ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ እንዲያቀርብ መጠየቅ እየተለመደ መጥቷል። አመልካቹ አሻራውን ሰጥቶ ወረቀቱን ያመጣል፤ ቀጣሪውም በፋይል አስቀምጦ ልቡ ያርፋል። ልማዱን አንነቅፍም። ሕፃናትን ለሌላ ሰው አደራ የሚሰጥ ሁሉ የዚያን ሰው ማንነት የመጠየቅ ግዴታ አለበትና። ቤተ ክርስቲያን በብዙ አገሮች ይህን ግዴታ ቸል በማለቷ በሕፃናት ላይ ምን እንደ ደረሰ ዓለም ሁሉ አይቷል፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ፣ ጥቆማ የሚቀበል ሥርዓት በየሀገረ ስብከቱ እንዲቋቋም አዝዘዋል።

ይሁን እንጂ፣ በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሞባይል የሰረቀ፣ ተፈርዶበትም ቅጣቱን የፈጸመ ልጅ በ24 ዓመቱ ለዘበኝነት ቢያመለክት ምን ብለን እንመልሰዋለን?

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከዚያ በላይ እስከ 15 ዓመት ላለው ደግሞ ከአዋቂ ቅጣት ይልቅ የማረሚያ እርምጃ ይወስንለታል። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ እንግዲህ የእኛ ልጅ የሚወድቀው በዚህኛው ወገን ነው። ቢሆንም ሕጉ በር አልዘጋበትም፤ የተወሰነው ጊዜ ካለፈ በኋላ መልካም ጠባዩን አስረድቶ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ማመልከት ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት በ1985 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የቤጂንግ ደንቦችም የወጣት ጥፋተኞች መዝገብ በምስጢር እንዲያዝ፣ ለሦስተኛ ወገንም እንዳይገለጥ ይጠይቃሉ። ይህን መብት የሚያውቅ የድሃ ልጅ ግን ስንት ነው?

«ክርስቲያን ይቅር ይላል» ብሎ ነገሩን በአጭሩ መቁረጥ አይበቃም። ይቅርታና አደራ አንድ አይደሉም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በጥይት ያቆሰላቸውን ሰው ይቅር ብለው በ1983 እ.ኤ.አ. እስር ቤት ድረስ ሄደው ጎብኝተውታል፤ ሰውዬው ግን እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ እስር ቤት ቆይቷል። ስለዚህ ሕፃን የደፈረ ሰው ንስሐው እውነተኛ ቢሆንም እንኳ የሕፃናት ክፍል ቁልፍ አይሰጠውም። ይህን ስንል ቂም መያዛችን አይደለም።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ወረቀቱ የሚናገረው የተመዘገበውን ብቻ ነው። በአገራችን ደግሞ በልጅ ላይ የሚፈጸም ነውር ብዙ ጊዜ በሽምግልና ይሸፈናል፤ የቤተሰብ ስም እንዳይጠፋ፣ የልጅቱም ዕድል እንዳይበላሽ ይባላል። በዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ሳይረግጥ ይቀራል፤ አሻራውም ንጹሕ ነው። ሞባይል የሰረቀው ድሃ ልጅ ግን ሽማግሌ የሚልክለት አልነበረምና ተመዝግቧል። ወረቀቱን ብቻ የሚያምን ቀጣሪ የፊተኛውን አስገብቶ የኋለኛውን ከበር ይመልሳል፤ ደኅንነትን የጠበቀም ይመስለዋል።

አባቶቻችን ለዚህ «ተያዥ» የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ዛሬም አልጠፋም። ተያዥ ሰውየውን የሚያውቅ፣ ቢያጠፋም በገንዘቡና በስሙ የሚጠየቅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈው አጭር መልእክትም፣ በእኛ አነጋገር፣ የተያዥነት ደብዳቤ ነው። ስለ ኦኔሲሞስ ሲለምን ያለፈውን አልካደም፤ ዕዳ ካለበት በራሱ ላይ እንዲቆጠር በገዛ እጁ ጽፎ ፈረመ። (ለዘመድ ሲባል በውሸት የሚፈርም ተያዥ መኖሩ አይካድም፤ ስለዚህ ተያዡም ራሱ ይጠየቅ።)

እንግዲህ በእኛ አስተያየት፣ ስለ ሕፃናት የሚቀርብ ጥያቄ በወረቀት ብቻ ሊዘጋ አይገባውም። አመልካቹ ቀድሞ የኖረበት ሰፈር፣ የሠራበት ቦታ ይጠየቅ። በጉርምስናው ሰርቆ የተቀጣው ልጅ ደግሞ ቢያንስ ፊት ለፊት ቀርቦ እንዲናገር ይፈቀድለት፤ የቁምስናው ሰዎችም ተያዥ ይሁኑት። ወረቀቱን ከቆሞሱና ከአንድ ኃላፊ በቀር ማንም አይየው። ሳይቀጠር ከቀረም ወረቀቱ ለባለቤቱ ይመለስለት።